ወፍራሙ ወለል ለምን ቀድሞ ተበላሸ? ከአንድ የኪራይ ቤት እድሳት

ባለ ሁለት መኝታ አፓርታማ ለተከራይ ሲታደስ፣ ባለቤቱ ከቀረቡለት የቪኒል (የፕላስቲክ ወለል ንጣፍ) ናሙናዎች 8 ሚሊሜትር ውፍረት ያለውን ክሊክ፣ ማለትም ጣውላዎቹ በጠርዛቸው እየተቆላለፉ ያለ ኮላ የሚነጠፉትን ዓይነት፣ መረጠ። አጠገቡ የነበረው ባለ 5 ሚሊሜትር በዋጋ ብዙም አይርቅም፤ ወፍራሙን ትቶ ቀጭኑን መውሰድ ሞኝነት መሰለው። የመጀመሪያው ተከራይ ገና ሳይለቅ ሦስት ቅሬታ መጣ። የሳሎኑ መጋጠሚያዎች ተከፍተዋል፣ በመስኮቱ በኩል ሁለት ረድፍ ወደ ላይ ተነስቷል፣ መግቢያው ላይ ደግሞ በምንም ሳሙና የማይለቅ ቡናማ እድፍ አለ። ሻጩ ጥፋቱን በአንጣፊው፣ አንጣፊውም በሻጩ አሳበበ። ወለሉ ሲነሳ ግን ሦስቱም ችግሮች የየራሳቸው ምክንያት ነበራቸው።

በመጀመሪያ ካርቶኑ ተነበበ። ከላይ ያለው ግልጽ መከላከያ ሽፋን 0.2 ሚሊሜትር ብቻ ነበር። ጫማ፣ አሸዋና የወንበር እግር የሚበላው ይህንን ሽፋን ነው፤ እሱ ካለቀ ቀጥሎ ያለው የታተመ ስዕል ነው፣ ስዕሉ ከተፋቀ የሚታደስበት መንገድ የለም። የቀረው ውፍረት ከታች የተለጠፈው ስፖንጅና መሃሉ ነው፤ ለእግር ምቾትና ለድምፅ ይጠቅማል እንጂ ለጭረት የሚያደርገው ነገር የለም። ብዙ ሰው የማይመላለስበት መኝታ ቤት በ0.3 ሚሊሜትር ሽፋን ይበቃዋል። ለኪራይ ቤት ሳሎን፣ ኮሪደርና ወጥ ቤት ግን 0.5 ወይም 0.55 መፈለግ ይሻላል፤ በካርቶኑ ላይ የአጠቃቀም ደረጃ 33 የሚል ምልክት ካለ ለንግድ ቤት አገልግሎት ጭምር የታሰበ ነው ማለት ነው። አንዳንድ ካርቶን ሽፋኑን በሚሊሜትር ሳይሆን በ"ሚል" ይጽፋል፦ 12 ሚል 0.3 ሚሊሜትር ያህል ነው፣ 20 ሚል ደግሞ 0.5። ሁለቱን መለኪያዎች የሚያምታታ ሻጭ ጥቂት አይደለም።

የሳሎኑ መጋጠሚያ የተከፈተው ግን በሽፋኑ ቅጥነት አልነበረም። 2 ሜትር ርዝመት ያለው ቀጥ ያለ የአሉሚኒየም ዘንግ ሲሚንቶው ላይ ሲጋደም መሃሉ ላይ 7 ሚሊሜትር ክፍተት ታየ። አብዛኞቹ አምራቾች በዚህ ርዝመት የሚፈቅዱት 3 ሚሊሜትር ገደማ ነው። በዚያ ላይ አንጣፊው ጣውላዎቹ ከፋብሪካ የተለጠፈ ስፖንጅ እያላቸው፣ "እንዲመች" ብሎ ሌላ ባለ 3 ሚሊሜትር ስፖንጅ ከስር ጨምሯል። የዚህ ዓይነት ክሊክ መሃሉ የኖራ ድንጋይ ዱቄትና ፒቪሲ ስለሆነ ደረቅ ነው፤ እንደ ምንጣፍ ከጎድጓዳው ጋር አይተኛም። ሰው በረገጠው ቁጥር ጣውላው ወደ ባዶው ይወርዳል፣ ጭነቱ በሙሉ ጠርዙ ላይ ባለችው ቀጭን የመቆለፊያ ምላስ ላይ ያርፋል፣ በመጨረሻም ምላሷ ትሰበራለች። ከተሰበረች በኋላ ኮላ መቀባት ለጊዜው ዓይን ይሸፍናል እንጂ አይይዝም፤ የመወልወያ ውሃም በዚያው ይገባል።

በመስኮቱ በኩል ያለው ዞኮሎ (የግድግዳው ግርጌ ጠርዝ) ሲነቀል ጣውላዎቹ ግድግዳውን ነክተው ተገኙ። በተቃራኒው በኩል የተተከለው ቁም ሣጥን ደግሞ ወለሉን ወግቶ በቡሎን ታስሯል። እንደ ክሊክ ያለ ተንሳፋፊ (ከሲሚንቶው ጋር ያልተጣበቀ) ወለል ዙሪያውን ከ6 እስከ 10 ሚሊሜትር መተንፈሻ ይፈልጋል፤ በበር ጉበንና በቧንቧ ዙሪያም ጭምር። ፀሐይ ሲያሞቀው ሲሰፋ መሄጃ ካጣ መጋጠሚያው ላይ ይነሳል። የሚተከል ቁም ሣጥን መጀመሪያ ይተከል፣ ወለሉ እስከ እሱ ድረስ ይነጠፍ። ዞኮሎውም በግድግዳው ላይ እንጂ በወለሉ ላይ አይመታም።

እድፉ የተከራዩ ጥፋት ተደርጎ ከመያዣው ሊቆረጥ ነበር። ከጫማ መጥረጊያው ቅርጽ ጋር ልክ መግጠሙ ግን ጉዳዩን ገለጠው። ከመጥረጊያው የጎማ ጀርባ ውስጥ ያሉ ኬሚካሎች ወደ ቪኒሉ ዘልቀው ቀለሙን ይለውጣሉ፤ እድፉ ላዩ ላይ ሳይሆን ውስጡ ስለሆነ ፍተጋ አያስለቅቀውም። የማጠቢያ ማሽን የጎማ እግርም እንዲሁ ያደርጋል። ጀርባው ጎማ ወይም ላቴክስ ያልሆነ መጥረጊያ ማኖርና ይህን በርክክብ ወረቀቱ ላይ በአንድ መስመር መጻፍ ብዙ ጭቅጭቅ ያስቀራል።

በድጋሚ ሥራው መኝታ ቤቶቹ አልተነኩም። ሳሎንና ኮሪደሩ ግን በኮላ ወደሚጣበቅ ባለ 2.5 ሚሊሜትር ቪኒል ተቀየሩ፤ ሽፋኑ 0.55 ነው። ክሊክ ውስጥ መሃል ላይ ያለች አንዲት ጣውላ ብትበላሽ ከግድግዳው ጀምሮ ሲፈታ ይመጣል። የሚጣበቀው ግን በሙቅ አየር ማሽን ሞቆ ለብቻው ይነሳል፣ ስለዚህ ተከራይ በተቀያየረ ቁጥር ለሚጠገን ቤት ይህኛው ያዋጣል። ድክመቱ ከስር ያለውን ሁሉ ማሳየቱ ነው፦ የሴራሚክ መጋጠሚያ፣ የደረቀ ኮላ፣ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት እንኳ።

ስለዚህ የገንዘቡ ትልቁ ድርሻ ወደ ሲሚንቶው ሄደ። አሮጌው ኮላ ተፋቀ። እርጥበት ለመፈተሽ 45 በ45 ሴንቲሜትር ላስቲክ ዙሪያው በፕላስተር ታሽጎ ቢያንስ 16 ሰዓት ተቀመጠ፤ ከስሩ ጠል ቢገኝ ወይም ሲሚንቶው ቢጠቁር ሥራው ይቆም ነበር። ላስቲኩ ደረቅ መሆኑ ብቻውን ማረጋገጫ ስላልሆነ በእርጥበት መለኪያ ተለክቶ ኮላው ከሚፈቅደው ወሰን ጋር ተነጻጸረ። ከዚያ ፕራይመር (ቀጣዩ እንዲይዝ ቀድሞ የሚቀባ ፈሳሽ) ተቀባ፣ ራሱን የሚያስተካክል ፈሳሽ ሲሚንቶ ፈሰሰ። ይህ ወጪ ያስከፋል፤ ነገር ግን ቪኒሉ ሲያረጅ ቀጣዩም የሚነጠፈው በዚሁ ላይ ነው።

ቪኒሉ በክፍሉ ሙቀት 48 ሰዓት ተኝቶ ቆየ። ኮላው 1.6 ሚሊሜትር ጥርስ ባለው የኮላ መቀቢያ ተቀባ፤ አምራቹ ያዘዘው የመጠበቂያ ጊዜ ሳይደርስ ጣውላ አልተጫነበትም፣ ምክንያቱም እርጥብ ኮላ ላይ የተጫነ ጣውላ ይንሸራተታል፣ በየመጋጠሚያውም ኮላ ያስተፋል። በመጨረሻ 45 ኪሎ ገደማ የሚመዝን ሮለር በሁለቱም አቅጣጫ አለፈበት። ይህን እርምጃ "በእግር ረግጨዋለሁ" ብሎ የሚዘል አንጣፊ ካለ ጠርዙ መነሳቱ አይቀርም።

ወጥ ቤቱ ውስጥ በጥቅል የሚሸጠው ፕላስቲክ ምንጣፍ ተነጠፈ፤ ከሁሉም ይረክሳል፣ ስፋቱ ክፍሉን ከሸፈነም ውሃ የሚያስገባ መጋጠሚያ አይኖረውም። ጀርባው ልጣጭ የሆነው ተለጣፊ ቪኒል ታይቶ ተተወ፤ ሙቀትና እርጥበት ባለበት ጠርዙ ይጠቀለላል።

ሳሎኑ 22፣ ኮሪደሩ 6፣ በድምሩ 28 ካሬ ሜትር ነው። 10 በመቶ ለቁራጭ ሲታከል 30.8 ይሆናል፤ አንዱ ካርቶን 2.2 ካሬ ስለሚይዝ 14 ካርቶን ይበቃል። የተገዛው 15 ነው፤ በየምርት ዙሩ ቀለሙ ስለሚለያይ ሁሉም አንድ ዓይነት የምርት ቁጥር እንዲኖራቸው ተደርጓል። ትርፉ ካርቶን በዕቃ ቤቱ ውስጥ ሳይቆም ተጋድሞ ተቀመጠ፤ የኮላው ስምም ላዩ ላይ ተጽፏል።