ዳርዊን አረም የቆጠረበት ግቢ

ስለ ዝግመተ ለውጥ ወሬ ሲነሳ ሰው ሁሉ ቶሎ ብሎ ጋላፓጎስ ይላል። ደሴቶቹ፣ ግዙፎቹ ኤሊዎች፣ ፊንች የሚባሉት ትንንሽ ወፎች። እኔ ግን ለማየት የጓጓሁት ሌላ ቦታ ነበር። ቻርልስ ዳርዊን ጋላፓጎስ ላይ የቆየው እ.ኤ.አ. በ1835 አምስት ሳምንት ያህል ብቻ ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት፣ ወራትና ቀናት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ከለንደን ደቡብ ምሥራቅ ባለችው ዳውን መንደር ግን ከ1842 ጀምሮ እስኪሞት ድረስ 40 ዓመት ኖሯል። የዝግመተ ለውጥ ሐሳቡን የፈተነው፣ ያሻሻለው፣ የጻፈው እዚያ ነው። ስለዚህ ወደ ዳውን ሄድኩ።

መንገዱ ቀላል ነው። ከቪክቶሪያ ጣቢያ በባቡር እስከ ብሮምሊ ሳውዝ፣ ከዚያ 146 ቁጥር አውቶቡስ። ብዙም ሳይቆይ የከተማው ቤቶች ያልቁና አውቶቡሱ ግራና ቀኙ ቁጥቋጦ በሆነ ጠባብ መንገድ ውስጥ ይሽሎከለካል። መንደሩ ዛሬ በአስተዳደር የለንደን አካል ነው፤ ዙሪያውን ያለው ግን እርሻና ጫካ ነው። የወረድኩት ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ነው። የዳርዊን ባለቤት ኤማ፣ ወንድሙ ኢራስመስና በሕፃንነታቸው የሞቱ ሁለት ልጆቹ የተቀበሩት በዚህ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ነው። እሱም እዚሁ መቀበር ይፈልግ ነበር፤ በ1882 ሲሞት ግን ወዳጆቹ ተሯሩጠው ዌስትሚኒስተር አቢ በተባለው የለንደን ታላቅ ቤተ ክርስቲያን፣ የኒውተን መቃብር አካባቢ አስቀበሩት።

ቤቱ ከመንደሩ ትንሽ ወጣ ብሎ ነው። ትልቅ ነጭ ቤት ነው፣ እውነቱን ለመናገር ግን አያምርም። ዳርዊን ራሱም መጀመሪያ ሲያየው አስቀያሚ ነው ብሎ ጽፏል። የገዛው ለውበቱ ሳይሆን ለጸጥታውና ለግቢው ነበር። ከውስጡ ቶሎ የማይረሳው የሥራ ክፍሉ ነው። እግሮቹ ላይ ጎማ የተገጠመለት ወንበር አለ። ወንበሩ ላይ ተቀምጦ፣ ጣውላ ከክንዱ መደገፊያዎች ላይ አጋድሞ ነበር የሚጽፈው። መስኮቱ ሥር ማይክሮስኮፕ፣ በየቦታው ወረቀትና ብልቃጥ። ጥግ ላይ ደግሞ የተከለለች ቦታ አለች፤ ሕመሙ ሲነሳበት ሮጦ የሚገባባት። ግማሽ ዕድሜውን ሲያስመልሰውና ሲያቅለሸልሸው የኖረ ሰው ነው፤ በቀን ለሥራ የሚተርፈው ጥቂት ሰዓት ብቻ ነበር። ያንን ሁሉ የሠራው በእነዚያ ጥቂት ሰዓታት መሆኑ በጣም ያስደንቀኛል።

በዚህ ክፍል ውስጥ ከ1846 እስከ 1854 ስምንት ዓመት ያህል ባርናክል ሲመረምር ከርሟል። ባርናክል ማለት የባሕር ድንጋይና የመርከብ ሆድ ላይ የምትጣበቅ፣ ቅርፊት ያላት ትንሽ የባሕር እንስሳ ናት። ከልጆቹ አንዱ ጎረቤት ቤት ሄዶ፣ የዚያ ቤት አባት ባርናክሎቹን የት እንደሚሠራ ጠየቀ ይባላል። ለልጁ አባት ማለት ባርናክል የሚሠራ ሰው ነበራ! ብዙ ሰው ይህን ጊዜ ዳርዊን ሐሳቡን ለሕዝብ መግለጥ ፈርቶ የተደበቀበት ዓመታት አድርጎ ይተርከዋል። ፍርሃት አልነበረበትም አልልም። እኔ ግን ክፍሉን ካየሁ በኋላ በዚህ ትረካ አልረካም። ባርናክሎቹ አንድ ትልቅ ነገር አስተምረውታል፤ የአንድ ዝርያ አባላት ከሩቅ አንድ ይምሰሉ እንጂ ጠጋ ብለህ ስታያቸው እያንዳንዳቸው ይለያያሉ። ያለዚህ ልዩነት ደግሞ ሐሳቡ በሙሉ አይቆምም።

ሐሳቡ እንዴት እንደጀመረ ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ። ዳርዊን ቢግል በምትባለው መርከብ ከታኅሣሥ 1831 እስከ ጥቅምት 1836 ዓለምን ዞረ። ጋላፓጎስ ላይ ሞኪንግበርድ የሚባሉት ወፎች ከደሴት ደሴት እንደሚለያዩ አስተውሏል። ፊንቾቹን ግን የትኛው ከየትኛው ደሴት እንደመጣ በቅጡ ምልክት አላደረገባቸውም። የፊንቾቹ ምስጢር የተፈታው እዚያ ሳይሆን በ1837 ለንደን ውስጥ ነው፤ ጆን ጉልድ የተባለ የወፍ ባለሙያ እነዚህ ምንቃራቸው የተለያየ ወፎች ሁሉም የቅርብ ዘመዳሞች ናቸው ሲለው። በዚያው ዓመት ማስታወሻ ደብተሩ ላይ ቅርንጫፍ ያለው የዛፍ ንድፍ ጫረ። በመስከረም 1838 ደግሞ የእንግሊዛዊውን የምጣኔ ሀብት ሊቅ የቶማስ ማልተስን የሕዝብ ብዛት ጽሑፍ አነበበ። የሚወለደው ከሚበላው በላይ ይበዛል፣ ስለዚህ ብዙው ይሞታል የሚለውን። ያኔ ነገሩ ተገጣጠመለት። ከሚወለዱት ብዙዎቹ የሚሞቱ ከሆነና እርስ በርስ ደግሞ የሚለያዩ ከሆነ፣ የትኛውም ትንሽ ብልጫ የመትረፍ ዕድልን ከፍ ያደርጋል። የተረፈው ይወልዳል፣ ብልጫው ለልጆቹ ይተላለፋል፣ ይህ በሺህና በሚሊዮን ዓመታት ሲደጋገም ዝርያው ይለወጣል። ተፈጥሯዊ መረጣ ያለው ይህንን ነው። ማንም ተቀምጦ አይመርጥም፤ ሞትና መትረፍ ራሳቸው ያጣራሉ።

አሁን ወደ ግቢው እንውጣ፤ እኔን ያንበረከከኝ እሱ ነው። ዳርዊን በ1857 እዚህ ግቢ ውስጥ 90 በ60 ሴንቲ ሜትር የምትሆን መሬት ቆፍሮ አጸዳ። ከዚያ ምንም አልዘራም። በራሱ የሚበቅለውን አረም ብቻ ጠበቀ። አንዲት ቡቃያ ብቅ ባለች ቁጥር ምልክት አደረገ፣ ቆጠረ። 357 ቡቃያዎች ወጡ። ከእነዚህ ውስጥ 295ቱ ጠፉ፤ አብዛኞቹን የበሉት ቅርፊት የሌላቸው ቀንድ አውጣዎችና ነፍሳት ናቸው። አስቡት፣ የጠረጴዛ ስፋት በማታክል መሬት ላይ፣ ማንም ልብ በማይለው አረም ውስጥ፣ ይህን ያህል እልቂት! ማልተስ በወረቀት ላይ ያሰላውን ዳርዊን ተንበርክኮ በጣቱ ቆጠረው። እኔም ሣሩ ዳር ተንበርክኬ አንድ መዳፍ በምታህል ቦታ ላይ ስንት ዓይነት ቅጠል እንዳለ ለመቁጠር ሞከርኩ። ሞክሩት፤ ዓይናችሁ ትንሽ ሲለምድ አንድ አረንጓዴ የመሰለው ሁሉ ይለያያል።

ሌላው የምወደው ሙከራ የጨው ውሃው ነው። በውቅያኖስ መሃል ያሉ ደሴቶች ዕፅዋት ከየት አገኙ የሚለው ጥያቄ ያስጨንቀው ነበር። ስለዚህ 87 ዓይነት ዘሮች ጨዋማ ውሃ ውስጥ ነከረ። ከ28 ቀን በኋላ 64ቱ በቀሉ። ማለትም ዘር በባሕር ሞገድ ተወስዶ ሩቅ ዳርቻ ላይ ሊበቅል ይችላል። ወዳጁ የዕፅዋት ሊቁ ጆሴፍ ሁከር ተጠራጥሮ ስለነበር የዳርዊን ልጆች፣ አባባ ዶክተር ሁከርን ታሸንፈዋለህ እያሉ ይጠይቁት ነበር።

እርግብም አርብቷል። ከለንደን የእርግብ አርቢዎች ማኅበር ገብቶ፣ ከተራ ሰዎች ጋር ተቀምጦ ዕውቀታቸውን ለቅሟል። አንዱ ጉሮሮውን እንደ ፊኛ የሚነፋ፣ ሌላው ጅራቱን እንደ ማራገቢያ የሚዘረጋ፣ ሌላው ምንቃሩ አጭር፤ ሁሉም ግን ከአንድ የዱር እርግብ የመጡ መሆናቸውን አመነ። አርቢው በጥቂት ትውልድ ይህን ያህል ከለወጠ፣ ተፈጥሮ ሰፊ ጊዜ ቢሰጣትስ? ዋናው መጽሐፉ ‹የዝርያዎች አመጣጥ› የሚጀምረው ከዚሁ፣ ሰው ከሚያረባቸው እንስሳትና ዕፅዋት ነው። ከጋላፓጎስ አይደለም። ይህን ደጋግሜ የምለው ሰዎች ጽንሰ ሐሳቡን የአንድ ቅጽበት ብልጭታ አድርገው ሲነግሩት ጥንካሬው ስለሚጠፋ ነው። ጥንካሬው እዚህ ቁጭ ብሎ በማድረጉ፣ በመቁጠሩ፣ ለማያውቃቸው ሰዎች ሳይቀር በሺዎች የሚቆጠር ደብዳቤ ጽፎ በመጠየቁ ነው።

የመስታወት ቤቱ ውስጥ ኦርኪዶችና ነፍሳት የሚበሉ ዕፅዋት አሉ። ሣሩ ላይ ደግሞ የምድር ትሎች አፈሩን እያወጡ ድንጋይን ምን ያህል ዝቅ እንደሚያደርጉ የሚለካበት ክብ ድንጋይ ተቀምጧል። ለትሎቹ ኤማ ፒያኖ ተጫውታላቸዋለች፣ ልጁ ፍራንሲስ ባሱን የሚባለውን የትንፋሽ መሣሪያ ነፍቶላቸዋል። ድምፁን ከነአካቴው አልሰሙም። ትሎቹ የሚኖሩባቸው ማሰሮዎች ፒያኖው ላይ ሲቀመጡ ግን ንዝረቱ ደርሷቸው ወደ ጉድጓዳቸው ገቡ።

ከግቢው ጫፍ ሳንድዎክ የሚባለው የእግር መንገድ ይጀምራል። በዛፎች መሃል ዞሮ የሚመለስ ነው። ዳርዊን በየቀኑ እዚህ እያሰበ ይዞር ነበር። መነሻው ላይ ጠጠሮች ይከምርና በየዙሩ አንዱን በእግሩ ያስወግዳል፤ ዙሩን ለመቁጠር ሐሳቡን እንዳያቋርጥ።

በዚሁ መንገድ ላይ ስሄድ ስለ ሰኔ 1858 ከማሰብ መራቅ አልቻልኩም። በዚያ ወር ከሩቅ ምሥራቅ፣ ከተርናቴ ደሴት ደብዳቤ መጣለት። ላኪው አልፍሬድ ራስል ዋላስ ነበር፤ ሀብታም አባት ያልነበረው፣ ነፍሳትና ወፎች ሰብስቦ በመሸጥ የሚተዳደር ሰው። ዋላስም ትኩሳት ይዞት ተኝቶ ሳለ ማልተስን አስታውሶ ያንኑ ሐሳብ ደረሰበት። ዳርዊን 20 ዓመት የያዘውን ነገር በሌላ ሰው እጅ ጽሑፍ አነበበው። በ1844 ሐሳቡን ያሰፈረበት ረቂቅ 230 ገጽ ሆኖ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል፤ ድንገት ከሞተም እንዲታተምበት 400 ፓውንድ እንድትመድብ ለኤማ ደብዳቤ ትቶላታል። ሳያሳትመው ቀረና ሌላ ሰው ደረሰበት። በዚያው ሰሞን የመጨረሻ ልጁ፣ ሕፃኑ ቻርልስ፣ ስካርሌት ፊቨር በተባለ የልጆች ትኩሳት ታሞ ሰኔ 28 ሞተ። ዳርዊን ነገሩን ሁሉ ለወዳጆቹ፣ ለሥነ ምድር ሊቁ ለላየልና ለሁከር ተወው።

ሁለቱ የዳርዊንን የቆዩ ጽሑፎችና የዋላስን ድርሰት አንድ ላይ አድርገው ሐምሌ 1 ቀን ለንደን ውስጥ በሊኒየን ማኅበር፣ በተፈጥሮ ሳይንስ ሊቃውንት ማኅበር፣ አስነበቡ። ዋላስ ከዓለም ማዶ ነበር፣ አልተጠየቀምም። ዳርዊን ልጁን እየቀበረ ነበር። ይህን ቦታም አይቼዋለሁ፤ ፒካዲሊ ጎዳና ላይ ያለው በርሊንግተን ሀውስ ነው። ጽሑፎቹ የተነበቡበት ክፍል ዛሬ ሮያል አካዳሚ በተባለው የሥነ ጥበብ ተቋም ሥር ነው፣ ማኅበሩ ደግሞ እዚያው ግቢ ክንፉ ላይ አለ። በዕለቱ የተገኙት ሰምተው ያለ ክርክር ተበተኑ። የማኅበሩ ፕሬዚዳንት ቶማስ ቤል በቀጣዩ ዓመት፣ ያለፈው ዓመት ሳይንስን የሚገለብጥ ግኝት አላየንበትም ብሎ ተናገረ። ኅዳር 24 ቀን 1859 ‹የዝርያዎች አመጣጥ› ሲወጣ ግን የታተመው 1,250 ቅጂ ወዲያውኑ በመጻሕፍት ነጋዴዎች እጅ ገባ።

ለዋላስ የሚገባው ክብር ተሰጥቶታል ብዬ አላምንም። ሳውዝ ኬንሲንግተን ባለው የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ውስጥ የዳርዊን የእብነ በረድ ሐውልት ከ1885 ጀምሮ አለ፤ ዛሬ የዋናው አዳራሽ ደረጃ ላይ ተቀምጧል። የዋላስ የነሐስ ሐውልት የመጣው በ2013፣ ከሞተ 100 ዓመት ሲሞላው ነው። እሱ ግን ቅሬታ አልነበረበትም። በ1889 ያሳተመውን የራሱን መጽሐፍ ‹ዳርዊኒዝም› ብሎ ሰየመው፣ በዳርዊን ቀብር ላይም ሬሳ ሳጥኑን ከተሸከሙት አንዱ ነበር።

መሄድ ለምትፈልጉ፣ በእንግሊዝ የብርድ ወራት ቤቱ የሚከፈትባቸው ቀናት ስለሚያንሱ አስቀድማችሁ አረጋግጡ። አውቶቡሱ ቶሎ ቶሎ አይመጣም፣ የመመለሻውን ሰዓት ያዙ። መጀመሪያ ክፍሎቹን እዩ፣ ከዚያ ለግቢው ብዙ ሰዓት ተዉለት፤ ብዙ ጎብኚ የሚያደርገው የዚህን ተቃራኒ ነው። ዝናብ ከነበረ ደግሞ ሳንድዎክ ይጨቀያልና ጠንካራ ጫማ አድርጉ።