የእባብ ቆዳ የሚመስለው አረንጓዴ ድንጋይ

ሳን ፍራንሲስኮ፣ ጎልደን ጌት ድልድይ ጋ የሚሄድ ሰው ሁሉ ቀዩን ብረት ፎቶ ያነሳል። እኔን የሚማርከኝ ግን ደቡባዊውን ምሰሶ የተሸከመው አረንጓዴ ዐለት ነው። ስሙ ሰርፐንቲናይት ነው። አንጸባራቂና ለስላሳ፣ ልክ እንደ እባብ ቆዳ፤ ስሙም የመጣው ከዚያው ነው።

አፈጣጠሩ ደግሞ ይገርማል። ከውቅያኖስ ወለል ስር ያለው የማንትል (ከምድር ቅርፊት በታች ያለው ንብርብር) ዐለት ውሃ ሲያገኝ፣ ኦሊቪን የሚባለው ማዕድን ውሃውን ወደ ውስጡ ይወስድና ወደ ሰርፐንቲን ይለወጣል፣ ዐለቱም ያብጣል፣ ይሰነጣጠቃል። ድልድዩ በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሲሠራ ጂኦሎጂስቱ ቤይሊ ዊሊስ ይህ ዐለት አይታመንም ብሎ ተሟግቶ ነበር፤ ምሰሶው ግን እስከ ዛሬ ቆሟል።

ካሊፎርኒያ በ1965 (እ.ኤ.አ.) የግዛቷ ዐለት አድርጋዋለች። ተወልውሎ ለግድግዳና ለጌጥ ይውላል፣ በጣም ያምራል። ግን አደራ፣ አንዳንዱ ውስጡ አስቤስቶስ የሚባል ቃጫ መሰል ማዕድን ስላለው መፍጨትም ሆነ መቁረጥ አያስፈልግም፤ አቧራው ሳንባ ይጎዳል።

እኛም ጋ አለ፤ ወርቅ በሚወጣበት በአዶላ አካባቢ።