ሮበርት ስሞልስን ከመርከቧ ወዲያም እንወቀው

የአሜሪካ ባህር ኃይል በ2023 አንዲት ትልቅ የጦር መርከቡን ስም ቀይሮ «ሮበርት ስሞልስ» አላት። የድሮ ስሟ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ባርነትን ለማቆየት ይዋጋ የነበረው የደቡቡ ጦር ካሸነፈበት ቦታ የተወሰደ ነበር። በባርነት የተወለደው ስሞልስ ሲነሳ ታዲያ ሁሉም የሚያወራው የዚያን ጦር መርከብ ይዞ ስላመለጠባት አንዲት ሌሊት ነው። ሌሊቷ በእውነት ታስደንቃለች። ግን ሰውየው ከዚያ በኋላ 53 ዓመት ያህል ኖሯል፤ ነግዷል፣ የግዛት ምክር ቤት ገብቷል፣ ሕግ አውጥቷል። ይሄኛው ክፍል ሲዘለል ያናድደኛል።

ሌሊቷን ባጭሩ ልንገራችሁ (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ስሞልስ በ1839 በሳውዝ ካሮላይና፣ ቢውፈርት ከተማ፣ ከጌታው ቤት ጓሮ ተወለደ። በ12 ዓመቱ ቻርለስተን ተላከ፤ እዚያ ሲሠራ ደመወዙን የሚወስደው ጌታው ነው፣ ለእሱ የምትደርሰው በሳምንት አንድ ዶላር ነበረች። ሚስቱንና ልጁን ከባርነት ለመግዛት 800 ዶላር ተጠየቀ። ሜይ 13 ቀን 1862፣ ነጮቹ መኮንኖች ከተማ ባደሩበት ሌሊት፣ እሱና ጓደኞቹ የሚሠሩባትን ፕላንተር የምትባል የደቡቡን ጦር መርከብ አስነስተው ቤተሰቦቻቸውን ጫኑ። የካፒቴኑን የገለባ ባርኔጣ ደፍቶ፣ የምሽጎቹን የፊሽካ ምልክት እንደ ካፒቴኑ እየሰጠ አለፈ። ከዚያ ነጭ አንሶላ ሰቅሎ መርከቧን ለሰሜኑ ባህር ኃይል አስረከበ።

የሽልማት ድርሻው 1,500 ዶላር ነበር። እኔን የሚገርመኝ ከዚህ በኋላ ያደረገው ነው። ጦርነቱ ገና ሳያልቅ፣ እናቱ ስታገለግልበት የኖረችውን ያንን የድሮ ጌታውን ቤት መንግሥት በግብር ዕዳ ለሐራጅ ሲያወጣው ገዛው። ቤቱ የእኔ ነው ያለ ሰው ከሰሰው። ክርክሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ሄደ፣ በ1878 ስሞልስ ረታ። ይሄ የአንድ ሰው ቤት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ በዚያው የግብር ሐራጅ ንብረት የገዙ ሌሎች ሰዎችም ይዞታቸው ጸናላቸው።

ከጦርነቱ በኋላ ቢውፈርት ውስጥ ከሸሪኩ ጋር ሱቅ ከፈተ። ለጥቁር ልጆች ትምህርት ቤት የሚሆን ሕንፃ ገዛ። በፈረስ የሚጎተት የባቡር መስመር ባለው ድርጅት ውስጥ ገንዘቡን አዋጣ፤ መስመሩ ቻርለስተን ውስጥ ዕቃና መንገደኛ ያመላልስ ነበር። በ1872 ደግሞ ጋዜጣ ጀመረ። ገንዘብ ሲያገኝ ምን ላይ እንደሚያውለው ተመልከቱ።

ፖለቲካውም ከዚያው የመነጨ ይመስለኛል። በሳውዝ ካሮላይና ባሪያን ማንበብና መጻፍ ማስተማር በሕግ የተከለከለ ነበር፤ ስሞልስም ፊደል የቆጠረው ትልቅ ሰው ሆኖ፣ አስተማሪ ቀጥሮ ነው። ይሄ ሰው በ1868 የግዛቱ ሕገ መንግሥት ሲረቀቅ ተወካይ ሆኖ ገባና ለሁሉም ልጅ ነጻና ግዴታ የሆነ የሕዝብ ትምህርት ቤት እንዲኖር ሞገተ። ሐሳቡም ገባለት። በዚያው ዓመት ለግዛቱ ምክር ቤት ተመረጠ፣ በ1870 የግዛቱ ሴናተር ሆነ፣ ቀጥሎ ዋሽንግተን ኮንግረስ ገባ። ለእኔ ከሥራዎቹ ሁሉ ትልቁ ያ የትምህርት አንቀጽ ነው፤ ከመርከቧም ይበልጥብኛል።

መጥፎውን መደበቅ አልፈልግም። በ1877 ከሕትመት ውል ጋር በተያያዘ 5,000 ዶላር ጉቦ ተቀብሏል ተብሎ የሦስት ዓመት እስር ተፈረደበት፣ በ1879 ምሕረት ተደረገለት። ጊዜው ግን ልብ ይባል። ተቃዋሚዎቹ የግዛቱን ሥልጣን በእጃቸው ያስገቡት በዚያው በ1877 ነው፤ ምሕረቱም የመጣው በተቃዋሚዎቹ ወገን ላይ የነበሩ ክሶች እንዲቀሩ በተደረገ ስምምነት ነው። እኔ ክሱ ፖለቲካ ነበር የሚሉት ያሳምኑኛል።

በ1895 ግዛቱ እንደገና ሕገ መንግሥት ለመጻፍ ተሰበሰበ። የአሁኑ ዓላማ ጥቁሮችን ከምርጫ ማስወጣት ነበር። ከ160 ተወካዮች ጥቁሮቹ ስድስት ብቻ ናቸው፣ ስሞልስ አንዱ ነው። እንደሚሸነፉ እያወቀ ተነስቶ ተናገረ፦ ወገኔ የተለየ ተከላካይ አያስፈልገውም፣ ታሪኩ ከማንም እኩል መሆኑን ይመሰክራል፣ የሚሻው በኑሮ ትግል ውስጥ እኩል ዕድል ብቻ ነው አለ። ሕጉ አለፈ። ፈርም ሲሉት እምቢ አለ። የማይፈርም ተወካይ የመንገድ አበል አያገኝም የሚል ነገር ሲነሳ፣ ከምፈርም ቢውፈርት ድረስ በእግሬ ብሄድ ይሻለኛል ብሎ መለሰ። ከስብሰባው ከተማ ከኮሎምቢያ እስከ ቤቱ ከ170 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ያን ጊዜ ዕድሜው 56 ነበር።