ዘጠኝ ሜትር ጥልቀት ላይ «አይ፣ እርስዎ ይቅደሙ»

የጠላቂዎችን የጣት ቋንቋ ያወጡት ሰዎች የኛን ሰው አላሰቡበትም። አውራ ጣትና ጠቋሚ ጣት ገጥመው ቀለበት ሲሠሩ «ደህና ነህ?» ማለት ነው። መልሱም ያው ቀለበት ነው፤ አለቀ። ለባለቤቴ ታላቅ ወንድም ግን ይህ ሰላምታ ነው፤ ሰላምታ ደግሞ በአንድ ዙር አያልቅም።

ጋሼ እ.ኤ.አ. በ1991 በዘመቻ ሰሎሞን ወደ እስራኤል የመጡ፣ አሽዶድ የሚኖሩ፣ ሆስፒታል ተኝተው እንኳ «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ብለው ሐኪም ያሳሳቱ ሰው ናቸው። ቀይ ባሕር ዳር ባለችው ኤይላት የጠላቂነት ኮርሱን አብረን ወሰድን። ከዚያ በኋላ ኮራል ቢች ከሚባለው የባሕር ዳርቻ ስንገባ መሪያችን እኔንና ጋሼን አጣመረን፤ «እኔ መንገድ አሳያለሁ፣ እናንተ ደግሞ አንዳችሁ የሌላችሁን አየር ተከታተሉ» አለን።

ውሃው ውስጥ ከመግባት በፊት አንዱ የሌላውን ዕቃ መፈተሽ ግድ ነው፤ በአየር የሚነፋውን ጃኬት፣ ወደ ታች የሚያወርደውን የእርሳስ ክብደት፣ ማሰሪያውን፣ አየሩን። በተለይ እርሳሱን፤ ቀይ ባሕር ጨው የበዛበት ስለሆነ ሰውን ወደ ላይ ይገፋል፣ ያለ በቂ ክብደት አያስገባም። ጋሼ ግን ትከሻዬን መታ መታ አድርገው «አንተ ጠንቃቃ ልጅ ነህ፣ ምንህን እፈትሻለሁ? ጥርጣሬ ይመስላል» አሉ። የሳቸውን ለማየት እጄን ስዘረጋ ደግሞ ራሳቸው እየነካኩ «ይኸው፣ ይኸው፣ ይኸው» ብለው ጨረሱት። ፍተሻው ይኸው ነበር።

ወረድን። ትንሽ እንደሄድን ቀለበቴን አሳየኋቸው። ቀለበት መለሱ። ከዚያ እሳቸው በተራቸው ቀለበት ጠየቁኝ፤ መለስኩ። በግራ እጃቸው ሌላ ቀለበት ጨመሩ፣ መቼም «ልጆቹስ?» ማለታቸው መሆን አለበት። በመጨረሻም እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ጎንበስ አሉ። ይህ ሁሉ ሲሆን ፊታቸው ተጨማዶ አንዴ በአንዱ እጅ፣ አንዴ በሌላው ጆሯቸውን ይይዛሉ። ጆሮ ሲያም መዳፍን ወዲህ ወዲያ አወዛውዞ ጆሮን ማመልከት ነው እንጂ ይዞ ዝም ማለት ምን ይባላል! አፍንጫቸውን ይዘው እንዲነፉ በምልክት ለመንኳቸው፤ ነፉ፣ ተከፈተላቸው፣ አመሰገኑኝ። በቀለበት።

አሥር ሜትር አካባቢ ግፊቱ ከላይ ካለው እጥፍ ስለሚሆን እያንዳንዱ ትንፋሽ የሚወስደው አየርም እጥፍ ነው። ጋሼ ደግሞ «አዎ» የሚሉት ትንፋሽ ወደ ውስጥ ስበው ነው። ያ መርዘኛ እሾኩን እንደ ጎፈር የዘረጋው የአንበሳ ዓሣ ሲያልፍ፣ «ኧ!» ሲሉ በመተንፈሻው ውስጥ ተሰማኝ። በኮራሉ ድንጋይ ሥር ዓሣ በዝቷል። ኧ! ኧ! ኧ!

አየራቸው አሳሰበኝና ሁለት ጣቴን መዳፌ ላይ መታሁ፤ «ስንት ቀረዎት?» ማለት ነው። የአየር ሲሊንደሩ ሲሞላ ግፊቱ 200 ባር ነው፤ 100 ሲደርስ መናገር፣ 50 ሲደርስ ጡጫ ማሳየት ነበር ያስተማሩን። ጋሼ ቀለበት መለሱልኝ። ደግሜ ጠየቅኩ። ቀለበት፣ እጅ ደረት ላይ። ቁጥር ነው የጠየቅኩት ብዬ እንዳልጮህ አፌ ተይዟል። ይቅርታቸውን በልቤ ጠይቄ ጌጃቸውን፣ የአየር መለኪያቸውን፣ ሳብ አድርጌ አየሁ፦ 60።

አውራ ጣቴን ወደ ላይ አደረግኩ፤ «እንውጣ»። ተስማሙ። ከዚያ መዳፋቸውን ዘርግተው «ቅደም» አሉኝ። በምን አንደበቴ ነው ታላቅ አማቼን ትቼ የምቀድመው? «እርስዎ ይቅደሙ» አልኩ። «አይ፣ ቅደም።» «ኧረ በፍጹም።» ደንቡ እንኳ ጎን ለጎን፣ ፊት ለፊት እየተያዩ መውጣት ነው፤ ቀዳሚ የለውም። መሪያችን ተመልሶ ሲመጣ ሁለት ሰዎች ዘጠኝ ሜትር ላይ ተንሳፍፈው እጅ ሲነሣሡ አገኘ። ዞር ዞር ብሎ ከኋላችን ማን እንዳለ አየ። ማንም የለም። ሁለታችንንም በጃኬታችን ትከሻ ይዞ ወደ ላይ ጀመረ።

አምስት ሜትር ላይ ለሦስት ደቂቃ ቆሞ ሰውነትን ማሳረፍ አለ። የጋሼ ጌጅ 30 ደርሷል። ለእንዲህ ያለ ቀን የተሠራውን ቢጫውን ተጨማሪ መተንፈሻዬን ዘረጋሁላቸው። ራሳቸውን ነቅንቀው እምቢ አሉ። ደግሜ ዘረጋሁ፤ እጅ ደረት ላይ። እንደ ጉርሻ በሦስተኛው ተቀበሉ። ሁለቴ ስበው አየሩ እንደጣማቸው፣ የራሳቸውን ቢጫ መተንፈሻ ፈትተው ወደ አፌ አመጡልኝ። ከ30 ባሩ ላይ!

ውጪ ስንደርስ «ጋሼ፣ ምነው አየሩ እያለቀ ዝም አሉኝ?» አልኳቸው።

«አንተ ደስ ብሎህ ዓሣ ስታይ እንዴት ላቋርጥህ?»

መሪያችን በዕብራይስጥ ትንሽ ተቆጣና ለጋሼ የግል ሕግ አወጣላቸው፦ አየር ሲጠየቁ ቁጥር ብቻ፣ ደረት መንካት ክልክል። ጋሼ አመስግነውት እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ።

ማታ ባለቤቴ ስትደውል ስልኩን ያነሡት እሳቸው ናቸው። «ልጁ ውሃ ውስጥ አየር እንዳያጥረው ብዬ የኔን ሰጠሁት፤ አሁን ደህና ነው፣ አትጨነቂ» ሲሏት እሰማለሁ።

«እሱስ ጋሼን አመስግኗል?» አለች።

ጋሼ ስልኩን ወደ አፌ አስጠጉልኝ።