የአባቴን ሸክላዎች ግድግዳ ላይ የለጠፍኩ ጊዜ

ሳሎኔ ውስጥ አንድ ትልቅ ባዶ ግድግዳ ነበር። እናቴ ቤት ደግሞ አልጋ ስር አንድ ካርቶን ሙሉ የሙዚቃ ሸክላ። የአባቴ ናቸው፤ እሱ ካረፈ ወዲህ የነካቸው የለም። ማጫወቻውም ድሮ ተበላሽቶ ተጥሏል። «አቧራ ከሚበላቸው ውሰዳቸው» አለችኝ እናቴ። ቆጠርኳቸው፣ 41።

አቧራቸውን ጠረግኩ። ወለል ላይ ደርድሬ ፎቶ አነሳሁ። በውሃ ልክና በእርሳስ ግድግዳው ላይ መስመር አሰመርኩ። ይሄ ግማሽ ቀን አልፈጀም፣ ማንም ይችለዋል።

ጉዱ ያለው ማጣበቁ ላይ ነው።

ቤቱ የኪራይ ስለሆነ መብሳት ፈራሁ። መርካቶ ሄጄ ባለ ሁለት ፊት ፕላስተር ገዛሁ፤ ያንን ስፖንጅ ያለውን ወፍራሙን። ሻጩ «ስትፈልግ ላጥ ነው፣ ምልክት እንኳ አይተውም» አለኝ። ማሸጊያው ላይ ደግሞ 2 ኪሎ ይሸከማል ይላል። እውነት ነው፣ ይሸከማል። አንድም ሸክላ አልወደቀም። መከራው አልለቅም ማለቱ ነው።

ለእያንዳንዱ ሸክላ አራት አራት ቁራጭ ለጠፍኩ። ሁለቱም ፊት አንድ ነው ብዬ፣ መሃሉ ላይ ያለው ወረቀት ንጹሕ የሆነውን ፊት ወደ ውጭ፣ የተጫጫረውንና የደበዘዘውን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ይህቺን ነገር ያዙልኝ።

ለሁለት ወር ቤቴ የገባ ሁሉ አደነቀ። እኔም ተኮፈስኩ። የካቲት ላይ ግን ጠርዛቸው ከግድግዳው መነሳት ጀመረ። የሳሎኔ መስኮት ወደ ምዕራብ ነው፤ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ቀጥ ብላ እዚያ ግድግዳ ላይ ታርፋለች። ሸክላ ፕላስቲክ ነው፣ ያውም ጥቁር፤ ሙቀት ይመጣል ከዚያም ይጣመማል። መጋቢት ላይ ትልልቆቹ እንደ ድርቆሽ ተንጨፍርረው ነበር።

በዚሁ ሰሞን ሸክላ የሚሰበስብ የሥራ ባልደረባዬ ቡና ሊጠጣ መጣ። ሲኒውን እንደያዘ ወደ ግድግዳው ተጠጋና «ይቺ እኮ የአምሃ ናት! ለጠፍካት?» አለኝ። ያኔ ነው ታሪኩን የሰማሁት። ሸክላ የማሳተም መብት በአዋጅ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ በነበረበት ዘመን፣ አምሃ እሸቴ የሚባል ወጣት በ1969 እ.ኤ.አ. አዋጁን ችላ ብሎ ማሳተም ጀመረ። እስከ 1975 ድረስ ከመቶ በላይ ትንንሾቹን፣ በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞሩትን፣ አወጣ። ከዚያ ካሴት መጣና የሸክላ ዘመን አለቀ። ዛሬ ውጭ አገር ሰብሳቢዎች በመቶዎች ዶላር የሚገዟቸው አሉ። እኔ ቤት ስድስት ነበሩ። ስድስቱም በፕላስተር።

እሱ እንደሄደ ማላቀቅ ጀመርኩ። ላጥ የሚባል ነገር የለም! መጀመሪያ በቢላ ሞከርኩ፤ ከቀለሙ ጋር ስቱኮው ተገሽልጦ መጣ። ቀጥሎ የእህቴን ፀጉር ማድረቂያ አመጣሁ። ፕላስተሩ ሳይለሰልስ ሸክላው ለሰለሰ። በስፌት ክር እየገዘገዝኩ ስፖንጁን ለሁለት መቁረጡ ብቻ ሠራልኝ፤ እሱም አንዱን ለማውረድ ሩብ ሰዓት ይፈጃል። ሸክላው ላይ የቀረው ሙጫ ግን አለ። እዚህ ላይ ነው ራሴን ይቅር ያላልኩት። ሰው ሳልጠይቅ፣ ቀለም ቀቢ የተወውን ቲነር በጥጥ ነክሬ አሸሁት። ሙጫው ለቀቀ። የሸክላው መስመርም አብሮ ቀለጠ፣ ነጭ ጉም የመሰለ ነገር ሆኖ ቀረ። የሚገርመው አንዱን አይቼ አልቆምኩም፤ ሦስት አበላሸሁ።

አከራዬ መጥተው ግድግዳውን አዩና «ልጄ፣ ፈንጣጣ አስያዝከው እኮ» አሉኝ። ስቱኮውንም ቀለሙንም ከፈልኩ። መብሳት ይሻል ነበር ማለት ነው፤ አንድ ቀዳዳ በትንሽ ስቱኮ ይደፈናል። አከራይ ያሻውን ይበል፣ እኔ ከእንግዲህ ከፕላስተር ድሪል ይሻለኛል።

አሁን ያለኝ ቀላል ነው። ፀሐይ የማያገኘው ግድግዳ ላይ፣ ቦይ የወጣለት ቀጭን ጣውላ በፊሸር አሰርኩ። ሽፋን ያላቸው ከነሽፋናቸው ይቆማሉ፤ ሲያሰኘኝ አንስቼ አጫውታለሁ። መለጠፍ የግድ ካላችሁ የተጫጫረ የፈረንጅ ሸክላ ፈልጋችሁ ለጥፉ። የአገር ቤቱን አትንኩት። ሽፋኑን ከወደዳችሁት በቀለም ኮፒ አድርጋችሁ ኮፒውን ስቀሉ። በአልኮል አጽዱ የሚሏችሁንም በጥርጣሬ ስሙ፤ ለፕላስቲኩ ብዙም አይከፋም፣ ሲወድቅ እንደ ገል የሚሰበረውን የጥንቱን ግን አልኮል ያሟሟዋል።

ባለፈው ፋሲካ ያገለገለ ማጫወቻ ገዝቼ እናቴን ጠራኋት። ከስድስቱ አንዷን አደረግኩ። ግድግዳው የበላው ፊት አይሠራም፣ ንጹሑን አጫወትኩላት። እስኪያልቅ ዝም ብላ ሰማች።

«ይሄን አላውቀውም» አለች። «አባትህ ያኛውን ፊት ነበር የሚያጫውተው። ይሄን አዙሮትም አያውቅ።»