ካልሲ ውስጥ የተጠቀለለው ሽጉጥ

በአሜሪካ ከሚገኘው የአፓላቺያን የእግር መንገድ ደቡባዊ ጫፍ ብዙም በማይርቅ የተጓዦች ዕቃ መሸጫ ውስጥ ስሠራ፣ በጸደይ ወራት ዋናው ሥራችን ዕቃ ከመሸጥ ይልቅ ዕቃ ማስቀነስ ነበር። ከጆርጂያ ተነሥቶ እስከ ሜይን 14 ግዛቶችን የሚያቋርጠውን፣ ርዝመቱ ወደ 3,500 ኪሎ ሜትር የሚደርሰውን መንገድ ልጨርስ ብሎ የተነሣ ሰው የመጀመሪያዎቹን ተራሮች እንደወጣ ትከሻውና ጉልበቱ ይከዱታል። ያን ጊዜ ወደ እኛ ይመጣና ቦርሳው ጠረጴዛ ላይ ተዘርግፎ፣ እያንዳንዱ ዕቃ በሚዛን ታይቶ፣ የማያስፈልገው ወደ ቤቱ ይላክለታል። የጥርስ ብሩሻቸውን እጀታ ሳይቀር ቆርጠው የሚጥሉ ሰዎች ስለሆኑ በግራም ነው የሚከራከሩት።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ዕድሜያቸው ወደ ስድሳ የሚጠጋ፣ ብቻቸውን የሚጓዙ ሰው መጡ። ባልደረባዬ እንደ ልማዱ «የሚሰበር ነገር አለ?» ብሎ ጠየቃቸው፤ የለም አሉት። ድንኳኑን፣ የዝናብ ልብሱንና ማብሰያውን አውጥቶ ከሥር የነበረውን ወፍራም የሱፍ ካልሲ ሲያነሣ እጁ ባለበት ቀረ። ካልሲው ለካልሲ የማይሆን ክብደት ነበረው። ጣቱ በጨርቁ ላይ ያረፈው ምላጩ ላይ ሲሆን፣ አፈሙዙ ደግሞ ተራቸውን የሚጠብቁ ሁለት ወጣቶች ወደ ተቀመጡበት አግዳሚ ወንበር ዞሯል። ባልደረባዬ ምንም ሳይናገር ካልሲውን ወደነበረበት መልሶ እጁን ቀስ አድርጎ አወጣ፤ እኔም ፊቱን አይቼ ወጣቶቹን ወደ ውጭ አስወጣኋቸው። ሰውዬው ሽጉጡን ራሳቸው አውጥተው፣ ካዝናውን ነቅለው ወደ ኋላ ሲስቡት አንዲት ጥይት ጠረጴዛው ላይ ዱብ አለች። ጎርሶ ነበር። ከባለቤቱ የበለጠ የደነገጠ አልነበረም፤ ከቤታቸው ሲወጡ ባዶ ማድረጋቸውን እርግጠኛ ነበሩ።

መሣሪያው ከነጥይቱና ከነማኅደሩ አንድ ኪሎ ገደማ መዘነ። «ሌሊት ድንኳኔ ድረስ ሰው ቢመጣብኝ ምን ልሁን?» አሉን። ጥያቄያቸው የሚናቅ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2019 በቨርጂኒያ በዚሁ መንገድ ላይ ያደሩ ተጓዦችን አንድ ሰው በስለት አጥቅቶ አንዱን ገድሏል፣ አንዲቱን ክፉኛ አቁስሏል፤ ያውም ከሳምንታት በፊት ተጓዦችን በማስፈራራቱ ተይዞ የተለቀቀ ሰው ነበር። እንዲህ ያለው ጥቃት በጣም አልፎ አልፎ የሚደርስ መሆኑ ለሚፈራው ሰው ማጽናኛ አይሆነውም፤ ሽጉጥ የሚይዘውን ተጓዥ ፈሪ ወይም ጉረኛ አድርገው የሚያዩትን ስለዚህ አልወዳቸውም።

ባልደረባዬ ግን ሰውዬውን በክርክር ሳይሆን በሥራ ሊያሳያቸው ፈለገ። ባዶ የውኃ ጠርሙስ በካልሲው ጠቅልሎ እንደነበረው ከቦርሳው ሥር አኖረና «እንግዲህ ያውጡት» አላቸው። በቀን ብርሃን፣ ማንም ሳያስቸኩላቸው፣ ከድንኳኑና ከልብሱ ሥር እስኪያገኙት ድረስ እኛ ቆመን ጠበቅን። ወገቤ ላይ እታጠቀዋለሁ አሉ፤ ቦርሳውን ሲያዝሉት ግን የቦርሳው የወገብ ቀበቶ የሚጠብቀው በትክክል ማኅደሩ በሚንጠለጠልበት ቦታ ላይ ሆነ። ደረት ላይ ማሰር ይቻላል፤ ነገር ግን በየመጠለያው የሚያድር ተጓዥ ደረቱ ላይ ሽጉጥ ይዞ ሲገባ ሌሎቹ የሚያዩት ጥቃት የሚፈራ ሰው ሳይሆን ራሱ የሚያስፈራ ሰው ነው።

የድቡም ነገር ተነሣ። እ.ኤ.አ. በ2008 በአላስካ ስለ ድብ መከላከያ ስፕሬይ የታተመው ጥናት፣ ስፕሬዩ ጥቅም ላይ በዋለባቸው አጋጣሚዎች ከነበሩት ሰዎች 98 በመቶው ጉዳት እንዳልደረሰባቸው ያሳያል፤ በ2012 ስለ ጦር መሣሪያ የታተመው ደግሞ መሣሪያ የያዙ ሰዎች ቢተኩሱም ባይተኩሱም የመጎዳት ዕድላቸው እንዳልተለያየ አግኝቷል። እነዚህ በአብዛኛው ስለ አላስካ ቡናማ ድቦች ናቸው። በአፓላቺያን ያለው ጥቁር ድብ ነው፤ እሱም በብዛት የሚመጣው ለምግብ ስለሆነ ምግቡን ድብ በማይከፍተው ዕቃ ውስጥ ያኖረ ሰው ከችግሩ አብዛኛውን አስወግዷል።

ሰውዬውን ያሳሰባቸው ግን ሕጉ ነበር። እ.ኤ.አ. ከየካቲት 2010 ጀምሮ በአሜሪካ ብሔራዊ ፓርኮች ውስጥ መሣሪያ መያዝ ፓርኩ የሚገኝበትን ግዛት ሕግ ይከተላል፤ ይህን የፈቀደው አንቀጽ፣ ነገሩ ቢያስቅም፣ የተደነገገው በ2009 ከወጣው የክሬዲት ካርድ ሕግ ጋር ተያይዞ ነው። መያዝ ይፈቀድ እንጂ መተኮሱ ሌላ ጉዳይ ነው፤ የጎብኚዎች ማዕከልን በመሳሰሉ የፌዴራል ሕንፃዎች ውስጥም ይዞ መግባት ክልክል ነው። የጆርጂያው ፈቃዳቸው ሜሪላንድ፣ ኒው ጀርሲ፣ ኒው ዮርክና ማሳቹሴትስ ሲደርሱ ተቀባይነት የለውም፤ ኒው ጀርሲ ውስጥ ያለ ፈቃድ ሽጉጥ መያዝ ለዓመታት እስር የሚያበቃ ወንጀል ነው። መንገዱ ደግሞ ድንበር ላይ ፍተሻ ስለሌለው ተጓዡ ከአንዱ ግዛት ወደ ሌላው የሚሻገረው ዛፍ ላይ የተለጠፈች ሰሌዳ አይቶ ነው። ስንቁን ለመቀበል በየከተማው ፖስታ ቤት ሲገባም ሽጉጡን ይዞ መግባት ስለማይፈቀድለት ቦርሳውን በረንዳ ላይ ይተዋል። እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስጨንቀኝ ይኼ ነው፤ በችግር ሰዓት ባለቤቱ ከቦርሳው ሥር ፈልፍሎ የማያገኘው መሣሪያ በረንዳ ላይ ሲውል ለማንኛውም አላፊ አግዳሚ ክፍት ነው።

ሰውዬው ብዙ አሰቡ፤ ጥርጣሬያቸው እስከ መጨረሻው አልለቀቃቸውም። ሽጉጡን ወደ ቤት ልላከው ቢሉም የፖስታ ደንቡ ግለሰብ ሽጉጥ በፖስታ እንዲልክ አይፈቅድም ነበርና ልጃቸው በመኪና መጥቶ ወሰደው። በምትኩ 100 ግራም ገደማ የሚመዝን የሳተላይት መልእክት መላኪያ ገዙ። ብቻቸውን መሆናቸውንና የት እንደሚያድሩ ለማያውቁት ሰው እንዳይናገሩ፣ ያላማራቸው ሰው ያለበት መጠለያ ላይ ቢደርሱ ቢመሽም አልፈው እንዲሄዱ፣ መኪና ከሚደርስበት መንገድ አጠገብም ድንኳን እንዳይተክሉ ነገርናቸው።

በሱቁም አሠራሩ ተለወጠ። አሁን የማንም ቦርሳ ከመፈታቱ በፊት መሣሪያ ይኖር እንደሆነ በግልጽ ይጠየቃል፤ ካለ ሌሎቹ ደንበኞች ገለል ይላሉ፣ ሽጉጡንም ባለቤቱ ብቻ በጓሮ በኩል አውጥቶ ባዶ መሆኑን ያረጋግጣል። በጥያቄው የሚቆጡ አሉ፤ መሣሪያ መያዝ ሕገ መንግሥታዊ መብታቸው መሆኑን ያስታውሱናል። መልሳችን አንድ ነው፦ ሽጉጥዎን የሚወስድብዎ የለም፤ ቦርሳዎን ግን ራስዎ ይፍቱ።