ቀጋን አፍልቼ አጥር አደረግሁት

ደብረ ብርሃን ያለውን ግቢያችንን በቀጋ ላጥር ነው ስል ጎረቤታችን «ቀጋ ደግሞ ይፈላል እንዴ ልጄ? ወፍ ይዘራው የለ!» ብለው ሳቁብኝ። እውነታቸውን ነው። እኔ ግን ወፍ በጣለው ቦታ ሳይሆን በመስመር እንዲበቅልልኝ ፈልጌ ነበር።

በዘር ጀመርኩ። ፍሬው ቀልቶ ለስለስ ሲል ለቀምኩት። ቀጋ እየለቀመ ያደገ ሁሉ እንደሚያውቀው የሚበላው ላይኛው ሥጋ ብቻ ነው፤ ውስጡ ያለው ፀጉር ጉሮሮ ይከረክራል፣ እጅም ያሳክካል። ዘሩን ከአሸዋ ጋር አሽቼ አጠብኩና ውሃ ላይ የተንሳፈፈውን ጣልኩ። በዘር ማፍላት ግን ትዕግሥት ያስጨርሳል፤ አንዱ ብቅ ሲል ሌላው አፈር ውስጥ እንደተኛ ይከርማል።

ለአጥር የሚሻለው ቁራጭ ነው። እርሳስ የሚያህል፣ ለጋም ደረቅም ያልሆነ ቅርንጫፍ መርጬ ሦስት አራት አንጓ አስቀረሁለት። ከታችኛው አንጓ ሥር በሰያፍ ቆረጥኩት፣ ከጫፉ ጥቂት ቅጠል ብቻ ትቼ ክረምቱ ሲገባ ጥላ ውስጥ፣ አሸዋ በበዛበት አፈር ላይ ሰካሁት። ቀስ ብለው ሲስቡት እምቢ ካለ ሥር ሰዷል ማለት ነው። ከዚያ በግማሽ ሜትር ልዩነት ተከልኩ። ለጋውን ቡቃያ ፍየል ስለሚወደው እሾሁ እስኪጠነክር ድረስ ዙሪያውን በግራር ጭራሮ መከለል ግድ ነው።

ሲያብብ መንገደኛው ቆም ብሎ ያሸታል። አበባው ነጭ፣ ባለ አምስት ገጽ ነው፤ መሃሉ ላይ የሴቴዎቹ ዘንጎች ተጣብቀው እንደ አንዲት ቀጭን ምሰሶ ቆመዋል። ሳይንሱ ሮዛ አቢሲኒካ ይለዋል፤ ከሰሐራ በታች በተፈጥሮ የሚበቅል ብቸኛው ጽጌረዳ ነው። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋዎች ሌላ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ የየመን ተራሮች ላይም አለ።

ደጋነቱ ግን ቀልድ አይደለም። ባብዛኛው የሚገኘው ከ1,900 እስከ 3,300 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። አክስቴ ከእኔ ችግኝ ወስዳ ሸዋ ሮቢት ተክላ ነበር፤ ውሃ ሳታጓድልበት በጋውን አልተሻገረም። ከጣርማ በር ቁልቁል ሲወርዱ መንገዱን ዳር ዳር ላየ ነገሩ ግልጽ ነው፤ ሙቀቱ እየጨመረ ሲሄድ ቀጋው እየሳሳ ይቀራል። አሁን ችግኝ የሚጠይቀኝን ሰው አስቀድሜ የምጠይቀው የት እንደሚተክለው ነው።

መግረዝን በተመለከተ፣ አበባው እንደረገፈ የሚቆርጥ ሰው ፍሬውንም አብሮ ይቆርጣል። እኔ ልጆቹ ለቅመው እስኪጨርሱ እጠብቃለሁ፤ ለቆዳ ጓንትም አልሰስትም፣ እሾሁ ቆልማማ ስለሆነ ሲገባ ቀላል ነው፣ ሲወጣ ግን ሥጋ ይዞ ነው።